ከ52,061 ሜጋዋት ሁለት ሰዓት በኋላ፦ የካሊፎርኒያ ግሪድ የ2022ቱን ሙቀት እንዴት አለፈው?

ስለ ካሊፎርኒያ ግሪድ፣ ማለትም ስለ ኤሌክትሪክ መረቧ፣ ሲወራ አንድ ቁጥር ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ 52,061 ሜጋዋት። ግሪዱ በታሪኩ ያየው ከፍተኛው የኤሌክትሪክ ፍላጎት ነው፤ የተመዘገበው ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2022፣ ከቀኑ 10፡57 ላይ ነው (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በፊት የነበረው ከፍተኛ መጠን 50,270 ሜጋዋት ሲሆን ከጁላይ 2006 ጀምሮ 16 ዓመት ሳይነካ ቆይቷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ለዜና ርዕስም ይመቻል። የዚያን ቀን ዋናው ፈተና ግን እሱ አልነበረም። 10፡57 ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በረሃው ላይ የተዘረጋው ሶላር እያመነጨ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹን ያስጨነቃቸው ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ ፍላጎቱ ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሎ፣ ፀሐይዋ ግን ጨርሳ የምትሄድበት ሰዓት።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እናስቀምጥ። ግሪዱን የሚመራው በምህጻረ ቃሉ ካይሶ የሚባለው ተቋም ነው፤ መቀመጫው ከሳክራሜንቶ አጠገብ ባለችው ፎልሰም ከተማ ነው። የራሱ ማመንጫ ጣቢያ የለውም፤ ሽቦም የለውም። ሥራው ማዘዝ ነው። የክፍለ ግዛቱን የኤሌክትሪክ ጭነት 80 በመቶ ያህሉን፣ ከጎረቤቱ ኔቫዳም ትንሽ ቁራጭ ጨምሮ፣ ማን በየትኛው ደቂቃ ስንት ሜጋዋት ማመንጨት እንዳለበት ይወስናል። ገበያውንም የሚያካሂደው እሱ ነው። ማመንጫዎቹ የግል ኩባንያዎችና የመንግሥት ናቸው፤ መብራቱን እስከ ቤት የሚያደርሱት ደግሞ ሌሎች ኩባንያዎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ይህ ክፍፍል ኋላ ላይ አንድ ስህተት ስንደርስ ያስፈልገናል።

የ2022ን ለመረዳት ግን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

ኦገስት 14 ቀን 2020 አርብ ነበር። ምዕራብ አሜሪካ በሙሉ በሙቀት ታፍኗል። ከሰዓት በኋላ አንድ 494 ሜጋዋት የሚሰጥ የጋዝ ማመንጫ በድንገት ከአገልግሎት ወጣ። ያም ሆኖ የከሰዓቱ ከፍተኛ ፍላጎት ያለ ችግር ታለፈ። ችግሩ የመጣው ሁሉም «ተረፍን» ባለበት ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12፡38 ላይ ካይሶ 500 ሜጋዋት ጭነት እንዲቋረጥ አዘዘ፤ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ሌላ 500 ጨመረ። በዚያ ምሽት 490 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች በፈረቃ ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ አንዳንዱ ለሩብ ሰዓት፣ አንዳንዱ ለሁለት ሰዓት ተኩል። በማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ ነፋሱ ባልታሰበ ሰዓት ረገበና ከ300 ሺህ በላይ ደንበኞች መብራት ሄደባቸው። ካሊፎርኒያ በኃይል እጥረት ምክንያት በፈረቃ ስታቋርጥ ከ2001 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ያኔ ብዙ ሰው ያነሳው አንድ ጥያቄ አለ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ጭነቱ ሲቋረጥ ካይሶ እጅ ላይ መጠባበቂያ ኃይል ነበረ። «እያላችሁ ለምን አጠፋችሁብን?» መልሱ መጠባበቂያ ለምን እንደሚያዝ ሲታወቅ ይገኛል። ያ ኃይል የሚያዘው እጥረትን ለመሸፈን አይደለም። አንድ ትልቅ ማመንጫ ወይም አንድ ትልቅ መስመር በቅጽበት ቢወድቅ በደቂቃዎች ውስጥ ቦታውን እንዲተካ ነው። እሱን ለተራ ፍጆታ አውጥተህ ከበላኸው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አደጋ የሚይዝልህ የለም። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ ከ60 ኸርዝ ይወርዳል፤ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን እየተፈናጠሩ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ማን እንደሚጠፋ የሚመርጥ ሰው አይኖርም። ካሊፎርኒያ ብቻዋን አይደለችም፤ ከካናዳ ምዕራባዊ ግዛቶች እስከ ሜክሲኮ ሰሜናዊ ጫፍ ከሚደርስ አንድ መረብ ጋር ተያይዛለች። ስለዚህ 1,000 ሜጋዋት ወዶ ማጥፋት፣ ሳይወዱ ሁሉንም ከማጣት ይሻላል የሚለው ስሌት ትክክል ነበር። ጥፋቱ ያለው እዚያ ስሌት ላይ የሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው።

በጃንዋሪ 2021 የወጣው የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት ሦስት ምክንያት አስቀምጧል። አንደኛው ከዕቅድ በላይ የሆነው ሙቀት ነው፤ ይህን ማንም ሊል ይችላል። ሦስተኛው የገበያው አሠራር ነው፤ ኃይል ገዢዎች ለነገ የሚያስፈልጋቸውን ከ3,000 ሜጋዋት በላይ አሳንሰው አስመዝግበው ነበር። ስለዚህ ገበያው የተረፈ ያለ መስሎት፣ ክልሉ ራሱ እየተራበ ወደ ውጭ የሚሸጠውን ኃይል ፈቀደ። ለእኔ ግን የጉዳዩ ልብ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ዕቅዱ የሚለካው በተሳሳተ ሰዓት ነበር።

ለዓመታት «በቂ ኃይል አለን ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ፍላጎት ጣሪያ ለሚነካበት ሰዓት ነው። ከሶላር በፊት ይህ ይበቃ ነበር፤ ጣሪያውን ካለፍክ ሌላው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ሶላር ሲበዛ ግን የሚያስጨንቀው ቁጥር ተለወጠ። አሁን መታየት ያለበት ከጠቅላላ ፍላጎት ላይ ፀሐይና ነፋስ የሚሰጡት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ይህ ቀሪ እኩለ ቀን ላይ ሆዱን ዝቅ ያደርግና ወደ ማታ አንገቱን ሽቅብ ይመዝዛል፤ ቅርጹ ዳክዬ ስለሚመስል የሙያው ሰዎች «የዳክዬ ኩርባ» ይሉታል። ካይሶ ራሱ ነው ሥዕሉን በ2013 ያሳተመው። እንግዲህ አደጋውን ከሰባት ዓመት በፊት በራሱ እጅ ሥሎታል። የግዥ ደንቡ ግን ሥዕሉን አልተከተለም።

ያ ሰዓት ለምን እንደሚከብድ ቀረብ ብለን እንየው። ሙቀቱ ሦስተኛና አራተኛ ቀኑን ሲይዝ የቤት ግድግዳና ጣሪያ ሙቀት ጠጥቶ ያድራል፤ ሌሊቱም አያበርድለትም። ሰው ከሥራ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ሲመለስ ቤቱ ምድጃ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ኤር ኮንዲሽነሩን ይከፍታል፤ እሱም ቀን የተጠራቀመውን ሁሉ ለማውጣት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ላዩ ላይ ምግብ ማብሰያውና ልብስ ማጠቢያው ይጨመራል። ጣሪያው ላይ ሶላር የገጠመ ቤት ደግሞ ቀን ከግሪዱ ምንም ሳይወስድ ይውልና ልክ በዚያ ሰዓት ተመልሶ ጭነት ይሆናል። በዚህ ላይ ሙቀቱ ማሽኖቹንም አይምርም። የጋዝ ተርባይን የሚስበው አየር ሲሞቅ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ትራንስፎርመር ሌሊት ካልቀዘቀዘ ይጎዳል፤ መስመሩም ሲግል ይለጠጥና ይረግባል፣ የሚሸከመውም ያንሳል። ጎረቤትስ? ካሊፎርኒያ በደህናው ጊዜ ከአሪዞና፣ ከኔቫዳ፣ ከኦሪገንና ከዋሽንግተን ብዙ ኃይል ትገዛለች። ሙቀቱ ሁሉም ላይ ሲወድቅ ግን ሁሉም የራሱን ቤት ነው የሚያየው።

ከ2020 በኋላ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ እኩል ክብደት ግን የለውም። የክፍለ ግዛቱን ኃይል አከፋፋዮች የሚቆጣጠረው ኮሚሽን በ2021 አከፋፋዮቹ 11,500 ሜጋዋት አዲስ ኃይል በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲገዙ አዘዘ። በ2022 ጁን ክፍለ ግዛቱ ለክፉ ቀን ብቻ የሚቀመጥ የመጠባበቂያ ፈንድ አቋቋመ። በሮዝቪልና በዩባ ሲቲ አራት ጊዜያዊ የጋዝ ጄኔሬተሮች ተተከሉ፤ አንድ ላይ 120 ሜጋዋት። በአደጋ ሰዓት ፍጆታውን ለሚቀንስ ደንበኛ በኪሎዋት ሰዓት 2 ዶላር የሚከፍል ፕሮግራምም ተጀመረ። ይህ የመደበኛው የመብራት ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ ካይሶ በገበያው ላይ ካስቀመጠው የዋጋ ጣሪያም ጋር እኩል ነው።

ነገሩን የለወጠው ግን ባትሪ ነው። በ2020 ክረምት ግሪዱ ላይ የነበረው የባትሪ አቅም ከጥቂት መቶ ሜጋዋት አያልፍም ነበር። በ2022 ሴፕቴምበር ከ3,000 ሜጋዋት በላይ ሆኗል። አብዛኞቹ የአራት ሰዓት ባትሪዎች ናቸው፤ ማለትም 100 ሜጋዋት የሆነው 400 ሜጋዋት ሰዓት ይይዛል። አራት ሰዓት ጥቂት ይመስላል። ግን የዳክዬው አንገት ርዝመት ስንት ነው? እሱም ያንኑ ያህል ነው። ባትሪው ቀን ላይ ሶላሩ ሲተርፍ ርካሽ ይገዛል፣ ሲመሽ ውድ ይሸጣል። ነጋዴ ነው። ነጋዴነቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከሰዓት በኋላ ዋጋ ሲንር ካየ፣ ለቁርጡ ሰዓት መቆየቱን ትቶ ቀድሞ ሊያራግፍ ይችላል። ስለዚህ ካይሶ በክፉ ቀን ባትሪዎቹ እስከ ምሽት ሞልተው እንዲጠብቁ የሚያስገድድበት ደንብ አስፈልጎታል።

ወደ 2022 እንመለስ። ሙቀቱ የጀመረው ኦገስት 31 ነው። ገዥው ጋቪን ኒውሰም የዚያኑ ዕለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ በጭሳቸው ምክንያት እንዳይሠሩ የተገደቡ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ተፈቀዱ፤ ወደብ ላይ የቆሙ መርከቦችም ከየብስ መብራት ተነቅለው የራሳቸውን ሞተር እንዲጠቀሙ ተደረገ። ካይሶ «ፍሌክስ አለርት» የሚለውን ጥሪ አስተላለፈ፤ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ኤር ኮንዲሽነሩን 26 ዲግሪ ገደማ ላይ አድርጉ፣ ትልልቅ ዕቃዎችን አታስነሱ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አትሙሉ። ከዚህ ጥሪ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ያው ክፍለ ግዛት ከ2035 በኋላ አዲስ የቤንዚን መኪና እንዳይሸጥ ደንብ ማጽደቁ ለተቺዎች ሲሳይ ሆነላቸው። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን ያን ያህል የሚጋጭ አይደለም። መኪና ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሙላት ግሪዱን አያስጨንቀውም። ጥያቄው መቼ ነው እንጂ ይሞላ ወይስ አይሞላ አይደለም።

ጥሪው ለአሥር ተከታታይ ቀናት ተደገመ። በመካከሉ፣ ሊዘጋ የተቃረበውን የዲያብሎ ካንየን የኒውክሌር ጣቢያ ዕድሜ የሚያራዝም ሕግ ተፈረመ፤ ጣቢያው ብቻውን ወደ 2,200 ሜጋዋት ያመነጫል። እንዲህ ያለ ውሳኔ በቀዝቃዛ ወር ቢሆን ምን ያህል ይጎተት እንደነበር እንጃ።

ሰኞ ሴፕቴምበር 5 የሠራተኞች በዓል ስለነበር ቢሮና ፋብሪካ ዝግ ነው፤ ፍላጎቱ ግን 49,000 ሜጋዋት ደረሰ። በዓል ባይሆንስ? መልሱ በማግስቱ መጣ። ማክሰኞ ሳክራሜንቶ 46.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነች፤ ከ1925 ጀምሮ የቆየው የከተማዋ ከፍተኛ ሙቀት ተሰበረ። 10፡57 ላይ 52,061 ተመዘገበ። 11፡17 ላይ ካይሶ ደረጃ 3 የአስቸኳይ ኃይል ማስጠንቀቂያ አወጀ። ከደረጃ 3 በላይ ሌላ ደረጃ የለም፤ ቀጥሎ ያለው ማጥፋት ነው። አከፋፋዮቹ በፈረቃ ለማቋረጥ ዝግጁ ሁኑ ተባሉ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሺህ ሜጋዋት ሶላር ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

ከቀኑ 11፡48 ላይ የክፍለ ግዛቱ የአደጋ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ ጊዜ ለሰደድ እሳትና ለጠፋ ሕፃን የሚውለውን የስልክ ማንቂያ ተጠቀመ። መልእክቱ 27 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ደረሰ። ስልኩ በዚያ በሚያስደነግጥ ድምፁ ይጮሃል፤ ስክሪኑ ላይ ሙቀቱ ግሪዱን እንዳጨናነቀው፣ ጤናችሁ ከፈቀደ የማያስፈልገውን ሁሉ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አጥፉ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያ የሆነው በዚህ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ የሚነገር ታሪክ ነው። የጭነት ግራፍ በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ ሚሊዮን ቤቶች በየራሳቸው ሰዓት ስለሚያበሩና ስለሚያጠፉ ልዩነታቸው እርስ በርስ ይጣፋል። በዚያች ማታ ግን መስመሩ እንደ ደረጃ ቁልቁል ተቆረጠ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብቻ ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ወረደ፤ ቀጥሎም ጨመረ። አንድ ትልቅ የኒውክሌር ማሽን በሙሉ ኃይሉ እንደገባላቸው ማለት ነው፤ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ሽቦ። በዚያው ምሽት ባትሪዎቹ ከ3,000 ሜጋዋት በላይ አወጡ፤ ከዲያብሎ ካንየን ጣቢያ የሚበልጥ። ከሁሉ የበለጠውን የተሸከመው ግን አሁንም ጋዝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደረጃ 3 ተነሣ። ካይሶ በፈረቃ እንዲቋረጥ ትእዛዝ አልሰጠም።

አልሰጠም፤ መብራት ግን ጠፋ። በሰሜን ካሊፎርኒያ የራሳቸው የከተማ መብራት ድርጅት ባላቸው ጥቂት ከተሞች፣ ፓሎ አልቶ፣ አላሜዳ፣ ሎዳይ፣ ሂልድስበርግና ዩካያ፣ ነዋሪዎች በዚያ ሰዓት ተቋርጦባቸዋል። «ለማቋረጥ ተዘጋጁ» የተባለው «አቋርጡ» ተብሎ ተሰምቶ ነው። ይህች ዝርዝር በብዙ ዘገባ ውስጥ በአንድ መስመር ታልፋለች፤ እኔ ግን ከስልክ መልእክቱ ባላነሰ አያታለሁ። 52,000 ሜጋዋት የሚመራ ሥርዓት፣ በመጨረሻው ሰዓት ላይ በሁለት ሰዎች መካከል ባለ የስልክ ንግግር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከላይ ያልኩት ክፍፍል፣ አዛዡ ሌላ አጥፊው ሌላ መሆኑ፣ ዋጋውን የሚያስከፍለው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ከማክሰኞ በኋላ «መልእክቱ ግሪዱን አዳነው» የሚለው ተደጋግሞ ተነገረ። በከፊል እውነት ነው። ግን ሒሳቡን አስተካክለን እናስብ። ባትሪው እንደ 2020 ጥቂት መቶ ሜጋዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው በደቂቃዎች ያጠፋው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜጋዋት ጉድጓዱን አይሞላም ነበር። መልእክቱ የመጨረሻውን ክፍተት ነው የዘጋው፤ ለመዘጋት የሚበቃ ትንሽ ክፍተት እንዲሆን ያደረገው ሌላ ነው። ደግሞም ሰው የሚሰማው ስላልለመደው ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ፍሌክስ አለርት በየቀኑ ሲወጣ ሰሚው እየሰለቸ መሄዱን መገመት አይከብድም፤ የስልኩ ማንቂያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የመጣው። በየሳምንቱ የሚጮህ ማንቂያ ማንም አይሰማውም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በዕቅድ ሰንጠረዥ ላይ እንደ ማመንጫ አድርጎ የሚያስገባ ዕቅድ አውጪ ካለ ሥራውን ቢለቅ ይሻላል።

የተረሳ ሌላ ነገርም አለ። 2022 የድርቅ ዓመት ነበር፤ ግድቦች ጎድለው የውኃ ኃይሉ ከልማዱ አንሷል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኦሮቪል ግድብ ማመንጫ ውኃው ከመግቢያው በታች ስለወረደ በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ነበር። በዚያው 2021 በኦሪገን የተነሣ ሰደድ እሳት ከሰሜን ኃይል የሚያመጡትን ዋና መስመሮች አስግቶ፣ የሚገባው ኃይል በሺዎች ሜጋዋት እንዲቀነስ አስገድዷል። ሙቀት፣ ድርቅና እሳት አብረው ነው የሚመጡት። የዕቅድ ሠንጠረዥ ግን እያንዳንዱን ለየብቻው ብርቅ አድርጎ ማስላት ይወዳል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ክረምቶች ጸጥ ያሉ ሆነዋል። በ2023 እና በ2024 አንድም ፍሌክስ አለርት አልወጣም፤ የ2024 ጁላይ ለክፍለ ግዛቱ እጅግ ሞቃት ከነበሩት ወራት አንዱ ሆኖ ሳለ። የባትሪው አቅም በ2024 ጸደይ በክፍለ ግዛት ደረጃ ከ10,000 ሜጋዋት አልፏል። በዚያው ኤፕሪል አንድ ምሽት ላይ ባትሪዎች ከ6,000 ሜጋዋት በላይ አውጥተው፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ከጋዝም ከሁሉም በልጠው የግሪዱ ትልቁ ምንጭ ሆነዋል። የ2020ን ምሽት የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲያይ ዓይኑን ማሸት አለበት።

ባትሪውም ንጹሕ መልአክ አይደለም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2022፣ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሞስ ላንዲንግ ካሉት የባትሪ ጣቢያዎች በአንዱ እሳት ተነሥቶ የባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና ለሰዓታት ተዘግቷል። በጃንዋሪ 2025 በዚያው ሥፍራ በጎረቤቱ ጣቢያ ላይ የተነሣው ደግሞ እጅግ የከፋ ነበር፤ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። በአንድ አሮጌ የተርባይን ሕንፃ ውስጥ ተደርድሮ የነበረው ባትሪ ነው የነደደው። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች ባትሪውን ሜዳ ላይ፣ በተራራቁ ኮንቴይነሮች ነው የሚያስቀምጡት፤ አንዱ ቢነድ ሌላውን እንዳያቀጣጥል።

52,061 በ2023ም በ2024ም አልተሰበረም። ፎልሰም ባለው መቆጣጠሪያ ክፍል ግን በሞቃት ቀን የሚጠበቀው እሱ አይደለም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ባትሪው ውስጥ ስንት ሰዓት የሚበቃ ኃይል እንደቀረ ነው።